ሰማያዊዋ ሳጥን ከመታጠቧ በፊት

በኮምፒዩተር ክፍላችን ጥግ አቧራ ለብሳ የተቀመጠችውን ሰማያዊ ሳጥን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። አንዳንዱ ዕጩ መምህርማ የሻይ ብርጭቆ ያሳርፍባታል። ስሟ ኮባልት ኪዩብ ይባላል፤ ሰርቨር ናት። ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜም ቢሆን ለክፍሉ ኮምፒዩተሮች ፋይል ስታድል የኖረች እሷ ናት። ኮባልት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዚህን ዓይነት ሳጥን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ በ2000 ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያውን በሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ጥቂት ዓመት ቆይቶም ምርቱን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ታዲያ ሰሞኑን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳጥኗ አልነሳ አለች። በመምህራን መዝናኛም ክርክሩ ጦፏል። አንዱ ወገን «ጣሏት፣ ከቶጎ ጫሌ ሌላ ይመጣል» ይላል። ሌላው ወገን «የመመለሻው ሲዲ በእጃችን ነው፣ ዛሬውኑ እንጫንባት» ባይ ነው። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን።

ምነው ቢሉ፣ ሳጥኗ ስክሪንም የሲዲ ማጫወቻም የላትም። ስለዚህ ሲዲው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይገባና ያ ኮምፒዩተር ከሲዲው ይነሳል። ሁለቱ ክሮስኦቨር በሚባለው የኔትወርክ ገመድ ፊት ለፊት ይያያዛሉ። ከዚያ የሳጥኗን የ«ኤስ» ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማብራት፣ በትንሿ መስኮቷም ከኔትወርክ የሚያስነሳውን ትእዛዝ መምረጥ ነው። እሱማ ምን ይከብዳል! ነገር ግን ሲዲው አዲሱን ሲስተም የሚጽፈው የዲስኩን ሆድ ዕቃ ጠራርጎ አጥቦ ነው።

በዲስኩ ውስጥስ ምን አለ? የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ ቀደምት ዕጩዎች በሶማልኛ ያዘጋጇቸው የሳይንስና የሒሳብ ማስተማሪያዎች አሉ። ከቀብሪበያህና ከሽንሌ የመጡ የማስተማር ልምምድ ዘገባዎችም አሉ። ሌላ ቅጂ የላቸውም። ወረቀቱ? ወረቀቱንማ ምስጥ በልቶታል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዲስኩ ተፈትቶ ይውጣ። ሊኑክስ ከተጫነበት ኮምፒዩተር ጋር ተያይዞም ያለው ሁሉ ይገልበጥ። ልብ በሉ! ዊንዶውስ የማያውቀውን ዲስክ ሲያገኝ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። «እሺ» ያለ ሰው አለቀለት። ከዚያ ያው ዲስክ ሳይነካ ይቀመጥና የመመለሱ ሥራ በሌላ ዲስክ ላይ ይሠራ። ያ የድሮ ዓይነት ሰፊ ኬብል የሚገባበት ዲስክ ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ተፈልጎ ይምጣ። ሲዲው የገባበት ኮምፒዩተርም ከተቋሙ ኔትወርክ ይነቀል፤ ራሱ አድራሻ እያደለ ሌሎቹን ያሳስታልና። የዳነችው ሳጥን ደግሞ ኢንተርኔት አትንካ። የደኅንነት እድሳቷ ከቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ሥራውንስ ማን ይሥራው? እኛ ዕጩዎቹ እንሥራው እንላለን፣ መምህሩ አጠገባችን ቆሞ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው ፕላዝማ ሲበላሽ ምን ያህሉ መምህር ቆሞ ከማየት በቀር ምርጫ ነበረው? ነገ ሀርትሼክ ስንመደብ ባለሙያ ከጅጅጋ እስኪላክልን ልንቀመጥ ነው እንዴ?

ሲዲው በአንድ መምህራችን መሳቢያ ውስጥ እንዳለ እናውቃለን። ዲስኩ እስኪገለበጥ ድረስ እዚያው ይቆይልን። እናንተም የሻይ ብርጭቋችሁን አንሱላት።