አጥንት ከሆድ ይጀምራል

የጤና ዓምድ



ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በቆቦ ገበያ ሲገናኙ ምን ይባባላሉ? በመጀመሪያ ስለ እህል ዋጋ ያወራሉ። ስለ ዝናብም ያወራሉ። ከዚያ አንደኛዋ የጓደኛዋን ልጅ ታይና፣ «ያንቺስ አደገልሽ! የኔው ግን ምነው ባለበት ቀረ? እኩያ አልነበሩም እንዴ?» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ ልታጽናናት፣ «ዘሩ ይሆናላ! አባቱስ አጭር አይደል?» ትላታለች።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ቁመት ከዘር መምጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እናስብ። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 58ቱ ለዕድሜያቸው አጥረው ተገኝተው ነበር። ይህ መቀንጨር ይባላል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 37 ወረደ። በአማራ ክልል ግን 41 ያህል ነበር። የአንድ ሕዝብ ዘር በ19 ዓመት ይለወጣል? አይለወጥም። የተለወጠው አኗኗር ነው። ስለዚህ የልጅ ማጠር የዘር ብቻ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም።

ታዲያ የልጅን አጥንት የሚያስረዝመው ምንድን ነው? ምግብ ነው እንላለን። ልክ ነው። ግን በቂ የሚበላ ልጅም ሲቀነጭር ይታያል። ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ሆድ እንግባ።

አጥንት ሕይወት አለው

ብዙዎቻችን አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ይመስለናል። አይደለም። ያደገ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ሁሉም ሕይወት አላቸው። ሁልጊዜ ይፈርሳሉ፣ ሁልጊዜ ይሠራሉ።

የእርሻችንን እርከን እናስታውስ። ጎርፍ ያላላውን ድንጋይ እናነሳለን። በቦታው ደህና ድንጋይ እንክባለን። ሳናድሰው ከተውነው ይናዳል። በአጥንት ውስጥም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንዱ አሮጌውን ያፈርሳል። ሌላው አዲሱን ይገነባል። በልጅነት ግንባታው ከማፍረሱ ይበልጣል። ስለዚህ ልጅ ያድጋል። በእርጅና ግን ማፍረሱ ይበልጣል። ስለዚህ አጥንት ይሳሳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። እነዚህም ነጭ የደም ሕዋሳት ይባላሉ። የሚወለዱት በአጥንት ውስጥ ካለው መቅኔ ነው። አጥንት አፍራሾቹም ከዚያው መቅኔ ይወለዳሉ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዘበኞቹ ብዙ ጊዜ ሲቆጡና ሲዋጉ ለአፍራሾቹም «ተነሱ፣ አፍርሱ» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ረጅም ሕመም አጥንትን ይጎዳል።

የሆድ እንግዶች

በአንጀታችን ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ በጣም ብዙ ተሕዋስያን ይኖራሉ። በዓይን አይታዩም። ሁሉም ጠላቶች አይደሉም። የእንጀራ እርሾን እናውቃለን። ሊጡን የሚያቦኩት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። በሆዳችንም እንደ እርሾ የሚጠቅሙን አሉ። የጥራጥሬን፣ የጎመንንና የሽንኩርትን አሰር ያቦካሉ። ከዚያም የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ይሠራሉ። ይህ አሲድ ዘበኞቹን ያረጋጋል። አፍራሾቹንም ያበርዳል።

መጥፎዎቹ ሲበዙስ? የማሽላ ጠባቂን አስቡ። ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ሲመጣ በወንጭፍ ይወረውራል። ደህና ጠባቂ ነው። ወፉ ቀኑን ሙሉ፣ ወሩን ሙሉ ቢመጣበትስ? ሳያርፍ ይወረውራል። ድንጋዩ የራሱን ማሽላ ይሰብራል። ስንቁም ያልቅበታል። ቆሻሻ በአፉ የሚገባ ልጅ ሆድም እንዲህ ይሆናል። የአንጀቱ ግድግዳ ይሳሳል። የበላው ምግብ በደንብ አይሰርግም። የገባውም ለአጥንት መሆኑ ቀርቶ ለዘበኞች ስንቅ ይሆናል። ልጁ ላያስቀምጠው ይችላል። የታመመም ላይመስል ይችላል። ብቻ ማደጉን ያቆማል።

ይህንን ያጠኑ ሊቃውንት አሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት በማላዊ አገር ካሉ ሕፃናት ሰገራ ባክቴሪያ ወሰደ። ባክቴሪያው ጀርም ለሌላቸው አይጦች ተሰጠ። አይጦቹ የበሉት ምግብ አንድ ዓይነት ነበር። ከጤነኛ ልጅ ባክቴሪያ የወሰዱት በደንብ አደጉ። ከቀነጨረ ልጅ የወሰዱት ግን ወደኋላ ቀሩ። በአጥንታቸውም ላይ ልዩነት ታየ። በእርግጥ አይጥ ሰው አይደለም። ቢሆንም መንገዱን ያሳየናል።

ምን እናድርግ?

«እጅ መታጠብ ብቻ ይበቃል» ብለን አንዋሽም። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ትላልቅ ሙከራዎች ተደርገው ነበር። ውጤታቸው በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ወጣ። መጸዳጃና እጅ መታጠብ ብቻቸውን ቁመት አልጨመሩም። ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ሕፃናት ግን ጥቂት ጨመሩ። ከዚህ የምንማረው፣ ምግቡም ያስፈልጋል፣ ንጽሕናውም የይስሙላ ሳይሆን ሙሉ መሆን አለበት። እጅ ታጥቦ ልጁ በኩስ ላይ የሚድህ ከሆነ ምን ጥቅም አለው? ስለዚህ እነዚህን አብረን እንያዛቸው።

1. ልጅ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ቅቤ አናውጠው። ውኃም አንስጠው። በጡት ወተት ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የሚመግብ ልዩ ስኳር አለ።

2. ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ገንፎ ይጨመርለት። ገንፎው የማሽላ ዱቄት ብቻ አይሁን። የሽምብራ ወይም የባቄላ ዱቄት ይደባለቅበት። ሲገኝ እንቁላልና ወተት ይታከልበት። በጎሊና መስኖ የምናለማው አትክልት ሁሉ ወደ ገበያ አይሂድ። ጥቂቱ ለልጆች ይቅር።

3. ዶሮና ፍየል ከሰው ጋር አይደሩ። ጎናቸው ይለይ። ልጅ የሚድህበት ቦታ ይጠረግ። ምንጣፍም ይነጠፍለት። የሕፃን ሰገራም ሰገራ ነው። ጓሮ አይጣል፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ይግባ።

4. የወንዝና የኩሬ ውኃ ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥ።

5. የላም፣ የፍየልና የግመል ወተት ይፈላ። በራያ ቆላ ጥሬ ወተት መጠጣት የቆየ ልማድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ሄድ መለስ የሚል ትኩሳት ያመጣል። መገጣጠሚያንና አከርካሪን ይይዛል። እርጎም ቢሆን ከተፈላ ወተት ይሠራ። እርጎ ለአጥንት መልካም ነው።

6. ልጅ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ፀሐይ ይሙቅ። አንጀት ካልስየም የሚባለውን የአጥንት ማዕድን በደንብ የሚወስደው ቫይታሚን ዲ ሲኖር ነው። ቫይታሚን ዲ በቆዳ ላይ የሚሠራው በፀሐይ ነው። የቆቦ ፀሐይ የሚያንስ አይደለም። ግን ምች ይመታዋል ተብሎ ተሸፋፍኖ ቤት የሚውል ሕፃን ፀሐይ አያገኝም።

7. ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር የተረፈ ኪኒን ከጎረቤት አንዋስ። ጀርም ገዳይ መድኃኒት ጠቃሚውንም ይገድላል። ጤና ኬላ ሄደን እንጠይቅ።

እናቶቻችንንም እናስታውስ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ዘበኞቹን የሚያረጋጋው የሴት ሆርሞን ያንሳል። አፍራሾቹ ይበረታሉ። አጥንት ይሳሳል። አሮጊት እናት ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር «እርጅና ነው» ብለን ብቻ አንለፍ። ወተት፣ ጎመንና ጥራጥሬ ለእርሷም ይገባታል። ከማዕዱ ጥጋጥግ አትቅር።

ጎረቤታችን ሰቆጣ በዚህ ጉዳይ ስሟ ተጠርቷል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ቃል በወረቀት ላይ ይጻፋል። ልጅ ግን የሚያድገው በቤት ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ያመለጠውን ቁመት በኋላ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።

ያቺ እናት በሚቀጥለው ገበያ ጓደኛዋን ስታገኝ «ዘሩ ነው» አትበል። «ዶሮዎቹን ከቤት አወጣኋቸው፤ ገንፎው ላይም ሽምብራ ጨመርኩበት» ትበላት።

እንወያይ

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ለማያነብ ጎረቤት አንብቡለት። ከዚያም ተወያዩ።

አጥንት አፍራሾችና ዘበኞች የሚወለዱት ከየት ነው?

በእኛ ቤት ልጅ የሚድህበት ቦታ ንጹሕ ነው?

ከላይ ከተጻፉት 7 ነገሮች በዚህ ሳምንት የትኛውን እንጀምር?