ስለ አየር መንገዶች ኅብረትና ስለ ቤተ ሰብ ጉዞ

ከዚህ ገጽ አንባብያን አንዲት ወይዘሮ ባለፈው ሰሞን የጻፉልን ደብዳቤ ለዛሬው ጽሑፍ ምክንያት ሆነን። ባለቤታቸው ለሥራ ጉዳይ አዘውትረው በአይሮፕላን የሚሄዱ ሰው ስለ ሆኑ ወርቃማውን የመንገደኛ ካርድ አግኝተዋል። በክረምቱ ዕረፍት ወይዘሮዋና ሦስቱ ልጆቻቸው አብረዋቸው ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ፥ አይሮፕላን በሚለወጥበት ጣቢያ ላውንጅ ወደሚባለው የማረፊያ ክፍል ለመግባት ቀረቡ። በበሩ ያለችው ሠራተኛ ግን «ባለ ካርዱና አንድ እንግዳ ብቻ ይገባሉ» ብላ ልጆቹን ከለከለች። ወይዘሮዋም «ይህ ነገር ንቀት ነው ወይስ ሕግ? ካርዱስ የቤተ ሰቡ አይደለምን?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ለወይዘሮዋ የምንመልሰው፥ ነገሩ ሕግ እንጂ ንቀት አለመሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ከወዴት እንደ መጣ ያልተረዳ መንገደኛ፥ ካርዱ የማይሰጠውን ሲጠይቅ የሚሰጠውን ሳይቀበል ስለሚቀር፥ ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መናገሩ የሚጠቅም መሰለን። እኔም ራሴ ይህን ባለማወቄ በዘመዴ ላይ ያደረስሁት ጕዳት ስላለ፥ እርሱን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የአየር መንገድ ኩባንያ እንደ ሌላው ነጋዴ በፈቀደው አገር ሄዶ ሱቅ ሊከፍት አይችልም። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የተፈረመው የመንግሥታት ውል፥ እያንዳንዱ መንግሥት ከምድሩ በላይ ባለው ሰማይ ሙሉ ባለ ሥልጣን መሆኑን አጽንቷል። ስለዚህ መደበኛ በረራ የሚፈቀደው መንግሥታት ሁለት ሁለት እየሆኑ በሚዋዋሉት መጠን ነው። ከዚህም በቀር ብዙ አገሮች የውጭ አገር ሰው አየር መንገዳቸውን ጠቅልሎ እንዳይገዛ ይከለክላሉ፤ በአሜሪካ ሕግ ከድምፅ መብቱ ከ25 በመቶ የሚበልጠውን የውጭ ዜጋ ሊይዝ አይፈቀድለትም። በአገሩ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄደውን መንገደኛም የሚጭነው የአገሩ ኩባንያ ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛውን ዋሽንግተን ድረስ ቢያደርሰው፥ ከዚያ ወደ ዴንቨር የሚሄድ ሌላ መንገደኛ ጭኖ ሊሸጥ አይችልም። የአሜሪካው ዩናይትድ ግን በዚያው በዳለስ ጣቢያ ሰፊ መናኸሪያ አለው።

ኩባንያዎቹ መዋሐድ ቢከለከሉ መረዳዳትን መረጡ። ነገሩ በባላገር ያለውን ወንፈል ይመስላል፤ እያንዳንዱ በሬውንም መሬቱንም ለራሱ ይዞ፥ በእርሻ ቀን ግን አንዱ ለሌላው ይጠምዳል። በግንቦት ወር 1989 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997፥ አምስት ኩባንያዎች፥ ማለት የጀርመኑ ሉፍታንዛ፥ የአሜሪካው ዩናይትድ፥ ኤር ካናዳ፥ የስካንዲናቪያው ኤስ.ኤ.ኤስ. እና የታይላንድ አየር መንገድ ስታር አልያንስ የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። በጥር 1991 ዓ.ም. ብሪቲሽ ኤርዌይስና አሜሪካን ኤርላይንስ ከሌሎች ጋር ሆነው ዋንወርልድ የተባለውን፥ በሰኔ 1992 ዓ.ም. ደግሞ ኤር ፍራንስ፥ ዴልታ፥ ኤሮሜክሲኮና ኮሪያን ኤር ስካይቲም የተባለውን አቆሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. በስታር አልያንስ ገባ። የጎረቤታችን የኬንያ አየር መንገድ በስካይቲም፥ የካታር አየር መንገድ በዋንወርልድ ነው። የዱባዩ ኤሚሬትስ ግን ከሦስቱ በአንዱም የለበትም። ቲኬት ከመግዛት አስቀድሞ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በአንዱ ኅብረት የተቈጠረ ጉዞ በሌላው ኅብረት ማዕርግ አያሰጥምና።

አሁን ጥቅሙን እንመልከት። አንደኛው፥ አንድ ኩባንያ በጓደኛው አይሮፕላን ላይ የራሱን የበረራ ቍጥር አድርጎ ወንበር መሸጡ ነው። በዚህ ዐይነት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሦስተኛ ከተማ የሚደርስ ሰው በአንድ ቲኬት ይሄዳል፤ የመጨረሻውም የመግቢያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ገና ከቦሌ ሳይነሣ ይሰጠዋል። ሻንጣውም መጨረሻው ከተማ ድረስ ይጻፍለታል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ግን ልብ ይበሉ፤ በዚያ አገር ልማድ መጀመሪያ በሚያርፉበት ጣቢያ ሻንጣቸውን ተቀብለው፥ በጉምሩክ አሳልፈው፥ እንደ ገና ማስረከብ አለባቸው። ይህን ያልተነገራቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሻንጣቸውን ጥለው ወደ ሁለተኛው አይሮፕላን የሚሮጡ ብዙዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጥቅም የማይሉ ነው። አዘውትሮ ለሚሄድ መንገደኛ ማይል እየቈጠሩ ዋጋ የመክፈሉ ልማድ ከኅብረቶቹ ይቀድማል፤ አሜሪካን ኤርላይንስ የራሱን መዝገብ የከፈተው በ1973 ዓ.ም. ነበር። ኅብረት ሲመጣ ግን በሉፍታንዛ የተጓዘው በኢትዮጵያው ሼባ ማይልስ መዝገብ ሊቈጠር ቻለ። ማይሉ ሁለት ዐይነት መሆኑን ብዙ ሰው አይለይም። አንዱ ተጠራቅሞ ቲኬት የሚገዛበት ነው፤ ይህም ግብሩንና ልዩ ልዩውን ክፍያ ከመክፈል አያድንም። ሁለተኛው ለማዕርግ ብቻ የሚቈጠር ሆኖ፥ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልሞላ እንደ ገና ከባዶ ይጀመራል። በጣም በርካሽ የተገዛ ቲኬት ደግሞ ከፊሉን ብቻ ያስቈጥራል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ አያስቈጥርም።

ማዕርጉ በስታር አልያንስ ሁለት ነው፤ ብርና ወርቅ ይባላል። የብሩ ጥቅም ጥቂት ነው፤ ይኸውም ወንበር በሞላበት ጊዜ በተራ ጠባቂዎች መዝገብ መቅደም ነው። የወርቁ ግን ዋጋ አለው። ባለ ወርቁ በየትኛውም የኅብረቱ ኩባንያ ቢሄድ በተለየ መስመር ይስተናገዳል፤ አስቀድሞ ይሳፈራል፤ ሻንጣው ቀድሞ ይወርድለታል፤ በሚዛን በሚሠራበት መስመር 20 ኪሎ፥ በሻንጣ ብዛት በሚሠራበት አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። ርካሽ ቲኬት ቢይዝም እንኳ ከማረፊያው ክፍል ከአንድ እንግዳ ጋር ይገባል፤ እንግዳውም በዚያው ቀን በኅብረቱ አይሮፕላን የሚሄድ መሆን አለበት። ማዕርጉ ከሰውዬው ጋር የተጣበቀ ነው፤ ለሚስት አይተላለፍም፤ ለልጅም አይወረስም። የወይዘሮዋም ጥያቄ መልስ ይኸው ነው።

አሁን ስለ አክስቴ ልናገር። ልጃቸው በአሜሪካ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እናቷ ከጎኗ እንዲሆኑ ለመነች። የቲኬቱን ነገር ዘመድ ሁሉ ለእኔ ተወልኝ፤ እኔም ዐዋቂ መሰልሁ። ከአዲስ አበባ እስከ አንድ የአውሮፓ ከተማ በአንድ ኩባንያ፥ ከዚያ እስከ አሜሪካ በሌላ ኩባንያ፥ ሁለት ቲኬት ለየብቻ ብገዛ ዋጋው እንደሚቀንስ አየሁ። ሁለቱም ኩባንያዎች የአንድ ኅብረት አባሎች ስለ ነበሩ፥ «እንኪያስ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ያስረክባቸዋል» ብዬ ገዛሁ። በቦሌ ሻንጣው የተጻፈው እስከ አውሮፓዪቱ ከተማ ብቻ መሆኑን አይቼ እንኳ ምን ማለት እንደ ሆነ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያው አይሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየ። አክስቴ ሲደርሱ ሁለተኛው ሄዷል። የመጀመሪያው ኩባንያ «እኛ እዚህ ልናደርሳቸው ተዋዋልን፤ አደረስንም» አለ። ሁለተኛው «በሰዓቱ ያልመጣ መንገደኛ ቲኬቱ ወድቆበታል» አለ። በውላቸው መሠረት ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚህ የባሰው የሻንጣው ነገር ሆነ። ሻንጣው ከመግቢያው በር ውጭ ባለው መቀበያ ወርዷል፤ አክስቴ የአሜሪካ ቪዛ ስላላቸው በጣቢያው ውስጥ ማለፍ ይፈቀድላቸዋል እንጂ፥ ወጥተው ሻንጣቸውን ለማንሣት የአውሮፓ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ እርሱም የላቸውም። ለአራሷ የተሰናዳው የገንፎ እህል፥ በርበሬውና ቅቤው ከመስተዋቱ ወዲያ ቀረ። የ68 ዓመት ሴት፥ የሰው አገር ቋንቋ ሳይሰሙ፥ በብረት ወንበር ላይ አደሩ።

ሌሊት በስልክ ሳገኛቸው አልተቈጡም። «ልጄ፥ የሰጠኸኝ ሁለት ወረቀት ነው፤ ያንደኛውን ሰው ስጠይቅ ሁለተኛውን አላውቀውም ይለኛል» አሉኝ። እኔ ከብዙ መጽሐፍ ያልተረዳሁትን እርሳቸው በአንድ ሌሊት ተረዱት። አዲስ ቲኬት ገዛሁ፤ የከፈልሁትም በመቈጠብ አተረፍሁ ካልሁት አራት እጥፍ ሆነ። በማግሥቱ ማታ ሲደርሱ ልጃቸው ወልዳ ነበር።

ቲኬቱ አንድ ቢሆን ኖሮ፥ ይኸውም ሁለቱ በረራዎች በአንድ ውል ቢጻፉ፥ ያዘገያቸው ኩባንያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሚቀጥለው አይሮፕላን ሊያሳፍራቸው በተገደደ ነበር፤ ሻንጣቸውም ሳይነኩት አብሯቸው ባለፈ ነበር። ኅብረቱ ኩባንያዎችን ያስተሳስራል እንጂ ቲኬቶችን በራሱ አያስተሳስርም። ስለዚህ እናትን ወይም አባትን ለብቻቸው የሚልክ ሰው በጥቂት ብር ልዩነት ሁለት ወረቀት አይግዛላቸው። ሲገዛም ሁለቱም በረራዎች በአንድ ቲኬት ቍጥር መጻፋቸውን፥ በቦሌም በሻንጣው ወረቀት ላይ የመጨረሻው ከተማ መጻፉን ይመልከት። ቲኬቱ የአንዱን ኩባንያ ቍጥር ይዞ አይሮፕላኑ የሌላው ሲሆን ደግሞ፥ የሻንጣው መጠን በማን ደንብ እንደሚታይ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ለእኛ አገር ሰው በተለይ የሚያስቸግር አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ስማችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንዱ ጸሐይን በአንድ ፊደል፥ ሌላው በሁለት ይጀምራታል። የአያት ስምም በፓስፖርት ተጽፎ በካርዱ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስሙ ያልገጠመለት መንገደኛ ጉዞው ሳይቈጠርለት ይቀራል። ካርዱ ሲወጣ ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይገልበጥ፤ የመሳፈሪያው ወረቀትም ማይሉ በመዝገብ እስኪገባ ድረስ አይጣል።

ኅብረቱም ቢሆን ለዘላለም የታሰረ አይደለም። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ኤስ.ኤ.ኤስ. በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ስታር አልያንስን ትቶ በማግሥቱ ስካይቲም ገባ። ማይል ለልጅ ሠርግ እያሉ ለብዙ ዓመት የሚያከማቹ ሰዎች ይህን ያስቡበት፤ ማይል ወለድ የለውም፤ ብዙው መዝገብም ጊዜ ወስኖ ይሰርዘዋል።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ። ባለቤታቸው ማዕርጋቸውን ሊያካፍሉ ባይችሉም፥ ወይዘሮዋም ልጆቹም የየራሳቸውን ቍጥር ቢያወጡ እያንዳንዱ ጉዞ ለየስማቸው ይቈጠራል፤ ቍጥር ማውጣቱም ገንዘብ አያስከፍልም። በጓደኛ ኩባንያ ማረፊያ የተከለከለው፥ ካርዱን በሰጠው ኩባንያ በራሱ ማረፊያ ለቤተ ሰብ የሚፈቀድበት ጊዜ ስላለ፥ ከጉዞው በፊት መጠየቅ ነው። በክፍያ የሚገባባቸው ማረፊያዎችም በትልልቆቹ ጣቢያዎች አሉ።

ወይዘሮዋ በደብዳቤያቸው መጨረሻ እንደሚነግሩን፥ በዚያ ቀን ባለቤታቸውን ብቻቸውን አስገብተው ከልጆቹ ጋር በውጭ ተቀመጡ። ባለቤታቸውም ከሩብ ሰዓት በኋላ፥ በወረቀት የተጠቀለለ አምስት ብስኩት በኮታቸው ኪስ ይዘው ወጡ።