የተመራቂው የመጀመሪያ ቀዶ ጥገና የት ይሁን?

በከላላና በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ምድር ከደጋው አምባ ተነሥቶ ወደ ዓባይና ገባሮቹ ሸለቆዎች የሚወርድ ነው። በእንዲህ ያለ መልክዓ ምድር ምጥ የጠናባትን ላም ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር ማስተማሪያ ክሊኒክ ማድረስ የሚታሰብ አይደለም፤ ላሟ ወዳለችበት ግቢ የሚሄደው ሐኪሙ ነው። አዲስ ተመርቆ ወደዚያ የተመደበ ሐኪም ደግሞ አጠገቡ ቆሞ እጁን የሚያርምለት ባለሙያ ላያገኝ ይችላል። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው፦ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የቀዶ ጥገና ተግባርን መጀመር ያለበት በትምህርቱ ማብቂያ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ይህም ተቀባይነት የሚኖረው በደረጃ፣ በቅርብ ክትትልና የገበሬውን ጥቅም በማስቀደም ሲፈጸም ብቻ ነው።

የአገራችን የእንስሳት ሕክምና አገልግሎት በአብዛኛው የተቀረጸው በወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ለዘለቀው ክፉ ቀን አንዱ ዋና መንሥኤ የቀንድ ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ ነበር። በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት የባለሙያው ቀዳሚ ተልእኮ መንጋን መከተብ ሆኖ ቆየ። ቅደም ተከተሉ ተገቢ ነበር፤ ፍሬውም እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ ታየ። ይሁን እንጂ ክትባት ሆዷ የተነፋን ላም ወይም ማህፀኗ የተገለበጠን በግ አያድንም። አንድ ጥማድ ብቻ ያለው ገበሬ አንዱ በሬ ሲሞትበት ከጎረቤት ጋር ይቀናጃል፣ አለዚያም መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ለእርሱ የሙያው ዋጋ የሚለካው በአንዲት እንስሳ ሕይወት ነው።

የቀዶ ጥገና ዕውቀት ከመጽሐፍ ወደ እጅ የሚሸጋገረው በድግግሞሽ ነው። ፍየል ለሊዶኬይን ማደንዘዣ ጥንቃቄ የምትሻ እንስሳ ናት። በኪሎ ግራም ክብደት 5 ሚሊ ግራም እንደ ወሰን ቢወሰድ፣ 10 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ግልገል የሚፈቀደው 50 ሚሊ ግራም ነው፤ መድኃኒቱ 2 በመቶ ከሆነ ይህ 2.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። ስሌቱን ማንኛውም ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ይሠራዋል። ግልገሏ ስትንፈራገጥና ባለቤቷ ሲመለከት ግን በዚያ መጠን መወሰንና ለቁስሉ ዙሪያ ሁሉ ማዳረስ ልምድን ይጠይቃል። ላም በቁሟ ሳለች በግራ ጎኗ የሚደረገው የማዋለጃ ቀዶ ጥገናም እንዲሁ ነው። ቆዳውን፣ ሦስቱን የጡንቻ ንጣፎችና የሆድ ዕቃውን ሽፋን በተራ መለየት፣ ምላጩንም ጨጓራውን ሳይነካ ማቆም ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ንጣፍ ውፍረት የሚያውቀው ጣት ነው። ሙያውን ከአባቱ የሚወርስ ወጌሻ እንኳ ስብራት ራሱ ከመጠገኑ በፊት እግር ይዞ፣ ጨርቅ ቀዶና ቀርከሃ አቀብሎ ያልፋል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የጀማሪ እጅ ሥቃይን ያራዝማል፤ ቁስልንም ሊያመረቅዝ ይችላል። የድኻ ገበሬ ከብት መለማመጃ ከሆነ ነገሩ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» ይሆናል። ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረቧቸው ሦስት መርሖዎች፣ ማለትም እንስሳውን በሌላ ነገር መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ሥቃዩን ማቃለል፣ ለምርምር የታሰቡ ቢሆኑም ለማስተማሪያ ክፍልም ይሠራሉ። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያስገድደን ልምምዱን እንድናዘገይ ሳይሆን እንድናደራጅ ነው። ልምምዱ የዘገየበት ተማሪ ከስሕተት አይድንም፤ ስሕተቱን የሚፈጽመው ከምረቃ በኋላ፣ አራሚ በሌለበት፣ በዚያው ገበሬ ከብት ላይ ነው።

ስለዚህ ደረጃው ከቄራ ይጀምር። የበግ እግር፣ ቆዳ፣ ጨጓራና ማህፀን በበዓላት ሰሞን ቀርቶ በአዘቦት ቀንም ይገኛሉ፤ ቋጠሮና ስፌትን በእነዚህ ላይ መቶ ጊዜ መደጋገም ሕያው እንስሳን አያሠቃይም። ሁለተኛው ደረጃ የጭነት አህያን ገጣባ ማጠብ፣ የሞተ ሥጋን ማንሣትና ቁስልን መከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዛሬዋ ቢሾፍቱ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከዶንኪ ሳንክቹዋሪ ጋር ያካሄደው የአህያ ጤና ሥራ አገልግሎትና ትምህርት ተደጋግፈው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያመለክት ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ማኮላሸት ነው። ሰንጋና ሙክት በሚፈለግበት አገር ኮርማን በድንጋይ ወይም በእንጨት መቀጥቀጥ ገና አልቀረም። ተማሪው በመምህሩ ፊት በማደንዘዣና በቡርዲዞ ሲያኮላሽ ገበሬው ከነበረው የተሻለ አገልግሎት ያገኛል፤ ተማሪውም ማደንዘዝን፣ የአካል አቀማመጥንና ትዕግሥትን ይማራል። የዘር ገመዶቹ በየተራ፣ መስመራቸው ሳይገጥም መጨፍለቅ አለባቸው፤ የከረጢቱ አንገት በአንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ የደም ዝውውሩ ተቋርጦ ከረጢቱ ሊበሰብስ ይችላል። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የለመደ ተማሪ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለማዋለጃ ቀዶ ጥገና መጀመሪያ እንደ ረዳት፣ ቀጥሎም እንደ ዋና ሠሪ ሊቀርብ ይገባዋል።

የመስክ ቆይታው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ጭቃውም ዝንቡም ይቀንሳል። በልግ በሚዘራባቸው ቀበሌዎች ግን በሬው ቀደም ብሎ ስለሚጠመድ ቀኑ ከገበሬው ጋር ይወሰን። ሦስት ግዴታዎችም አይታለፉ። ባለቤቱ የሚሠራው ተማሪ መሆኑን ዐውቆ ይፍቀድ፤ መምህሩ ምላጩን ለመቀበል በሚያስችል ርቀት ይቁም፤ እንስሳው ቁስሉ እስኪድን ድረስ በዚያው ተማሪ ይታይ። የመጨረሻው በተለይ ሊጠበቅ ይገባል፤ ሰፍቶ የሄደና ተመልሶ ያላየ ተማሪ የሥራውን ውጤት አያውቅምና።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም እዚህ የምርምር ዕድል አለ። እያንዳንዱ ተማሪ በስንተኛው ሙከራ ያለ እርዳታ እንደሠራ፣ ሥራው ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ቁስሉም በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ምን እንደሚመስል የሚመዘግብ ቀላል መዝገብ ቢዘጋጅ፣ ቀድመው የጀመሩትንና ዘግይተው የጀመሩትን ማወዳደር ይቻላል። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የትምህርት ክፍሎችንና የወረዳ ክሊኒኮችን ስምምነት ግን ይጠይቃል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍሎች በሚቀጥለው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በራሱ እጅ ሊፈጽማቸው የሚገቡ የቀዶ ጥገና ሥራዎችን በዓይነትና በቁጥር ቢደነግጉ፣ ወደ ከላላ የሚመደበው ሐኪም የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና በዚያ አይሠራም።