ባዶ መረብም ይመዝገብ

ወዳጅነት ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንዱ ጠብ ሲሆን ሌላው ርቀት ነው። ጠብ በሽማግሌ ይፈታል። ርቀት ግን ማንም ሳያየው ቀስ በቀስ ወዳጅነትን ያደርቃል። «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» መባሉም ስለዚህ ነው። የተለያዩ ወዳጆች በመጀመሪያው ዓመት መጻጻፍ ያዘወትራሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ለበዓል ብቻ ይጠያየቃሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ግን «እንደምን አለህ? እኔ ደኅና ነኝ» ከሚለው ሰላምታ በቀር የሚሉት ነገር ያጣሉ። ይህ የሚሆነው ፍቅራቸው ስላለቀ ሳይሆን የጋራ ጉዳያቸው ስላለቀ ነው። አብረው ሲውሉ በየቀኑ የሚነጋገሩበት ሥራ ነበራቸው፤ ሲለያዩ ሥራው ከንግግራቸው ወጣ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ዓሣ አጥማጆች የሆኑ ወዳጆችን ነው። በእኔ አስተያየት፣ ተራርቀው የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ወዳጅነታቸውን ጠብቀው ሊያቆዩ የሚችሉበት ከሁሉ የተሻለ መንገድ፣ ያገኙትንም ያጡትንም ዓሣ በሐቅ እየመዘገቡ መለዋወጥ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ሰላምታ ሊሰጠው የማይችለውን የጋራ ጉዳይ ለወዳጅነቱ ይመልስለታል። ከዚህም በላይ ሐይቁን ራሱን ይጠቅማል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንዱ በጣና፣ ሌላው በጫሞ ሐይቅ የሚያጠምዱ ሁለት ወዳጆች አሉ እንበል። ምናልባት በአንድ የሥልጠና ቦታ ተዋውቀው ይሆናል፤ ወይም አንደኛው ቀድሞ በሌላው ሐይቅ ዳር ሠርቶ ይሆናል። አሁን በመካከላቸው ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ የሰፋው ነው። ጫሞ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ከተማ በታች፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከጎረቤቱ ከአባያ የሚለየውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት ነው። የሐይቆቹ ዓሦችም ይለያያሉ። ቆሮሶና አምባዛ በሁለቱም ይገኛሉ። ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ግን በጫሞ እንጂ በጣና የለም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጡትን ዓሦች ወደ ጣና እንዳይወጡ አግዷቸዋልና። በአንጻሩ በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በዓለም ላይ ከዚያው ሐይቅ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም።

እንግዲህ የጣናው አጥማጅ ለወዳጁ እንዲህ ብሎ ጽፎ ላከ እንበል፦

«ነሐሴ 12 ቀን፤ ከጉማራ ወንዝ መግቢያ አጠገብ። ሌሊቱን ስለ ዘነበ ውሃው ደፈረሰ። ሁለት መረብ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ዘረጋሁ። ቆሮሶ 7፤ ትልቁ 31 ሳንቲ ሜትር። አምባዛ 2። ነጭ ዓሣ 5፤ ሦስቱ እንቁላል የያዙ። ይህን ባየሁ ጊዜ መረቤን ከዚያ አንሥቼ ወደ ጥልቁ ወሰድሁት።»

የጫሞው ወዳጁም እንዲህ ሲል መለሰ እንበል፦

«ነሐሴ 15 ቀን፤ ከደሴቱ ማዶ። ነፋስ ነበር። ሦስት መረብ ሌሊቱን ሙሉ። ምንም አልተያዘም። አንዱን መረብ አዞ ቀዶታል።»

እነዚህን ሁለት ጽሑፎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። «ናፍቀኸኛል» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ነገር ግን የጫሞው ሰው የመጀመሪያውን ሲያነብ ወዳጁ በዝናብ ውስጥ እንዳደረ ያውቃል፤ ሦስቱን ዓሦች ባየ ጊዜ ምን እንደ ተሰማውም ይረዳል። የጣናው ሰው ደግሞ ሁለተኛውን ሲያነብ መረብ መቀደድ ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ ሥራው ነውና። ወዲያውም «መረቡን ጠገንኸው ወይስ አዲስ ገዛህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄ መልስን ይወልዳል፤ መልሱም ሌላ ጥያቄን ይወልዳል። ወዳጅነት የሚቀጥለው እንዲህ ባለ መጠያየቅ ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብ የሚጠቅመው ሁለቱ ወዳጆች በአንድ ሥርዓት ሲጽፉት ብቻ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ በመለኪያ መስማማት ይገባቸዋል። አንዱ ዓሣውን ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ፣ ሌላው እስከ ጅራቱ መጀመሪያ የሚለካ ከሆነ፣ ቁጥሮቻቸው ጎን ለጎን ቢጻፉም ሊነጻጸሩ አይችሉም። በሁለተኛ ደረጃ በስም መስማማት አለባቸው። ነጭ ዓሣ የሚለው ስም በአንዱ ሐይቅ ዳር ለአንድ ዓይነት፣ በሌላው ሐይቅ ዳር ለሌላ ዓይነት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ወዳጆቹ የዓሣውን ክንፍ፣ ቅርፊትና የአፍ አቀማመጥ ገልጸው ስለ ምን ዓሣ እንደሚናገሩ አስቀድመው መግባባት ይኖርባቸዋል። በሦስተኛ ደረጃ ቀንና ቦታ፣ የአየሩ ጠባይ፣ የመረቡ ብዛትና የዓይኑ ስፋት፣ እንዲሁም መረቡ በውሃ ውስጥ የቆየበት ሰዓት መጻፍ አለበት።

የመረቡ ብዛትና የሰዓቱ ርዝመት ለምን ይጻፋል? ጥቅሙን በቀላል ስሌት እንየው። አንድ አጥማጅ አምና በሁለት መረብ በአንድ ሌሊት 20 ቆሮሶ አገኘ እንበል። ዘንድሮ በአምስት መረብ በአንድ ሌሊት እንደገና 20 ቆሮሶ አገኘ። ዓሣውን ብቻ የሚቆጥር ሰው «ሐይቁ እንደ አምናው ነው» ይላል። መረቡንም የሚቆጥር ሰው ግን አምና በአንድ መረብ 10፣ ዘንድሮ 4 ብቻ እንደ ደረሰ ያያል። ገበያውም እንዲሁ ሰውን ያሳስታል። በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ አጥማጁ ብዙ መረብ ይዘረጋል፤ ወደ ገበያ የሚወጣው ዓሣ ሲበዛ ሐይቁ የሞላ ይመስላል። እውነቱን የሚለየው የድካሙ መጠን ከዓሣው ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ሲጻፍ ነው።

ባዶ መረብ መመዝገብ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ዓሣ ያገኘበትን ቀን ይጽፋል፤ ያጣበትን ቀን ይዘለዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ሐሰተኛ ነው። በአሥር ሌሊት ውስጥ ስድስቱ ባዶ ከነበሩ፣ የቀሩትን አራቱን ብቻ የሚያነብ ወዳጅ የጓደኛውን ኑሮ ተሳስቶ ይረዳል። ችግሩን አያውቅምና ሊያጽናናው አይችልም፤ ብድር ቢጠየቅ እንኳ «በየሌሊቱ እያገኘ ምን ቸገረው?» ብሎ ይገረማል። ወዳጅነት የሚፈተነው በባዶ መረብ ቀን ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ «ምንም» ከሚለው ቃል የከበረ ቃል የለም እላለሁ።

መዝገቡ ለሐይቁ የሚሰጠው ጥቅምም ቀላል አይደለም። የጣና ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ከጥንት ጀምሮ በጣና ይጠመድ የነበረው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ባለ ሞተር ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች መግባት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ዳር የሚወጣውን ዓሣ እየቆጠሩና እየመዘኑ ስለ መዘገቡ፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል እጅግ እንደ ቀነሱ ሊታወቅ ቻለ። እነዚህ ዓሦች በክረምት ወራት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወራት በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ እናቲቱን ከነልጆቿ ይይዛል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው የአገሪቱ የዓሣ ሀብት በሥርዓት እንዲያዝ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ በየሌሊቱ ከእያንዳንዱ ታንኳ ጋር ሊወርድ አይችልም። ከታንኳው ጋር የሚወርደው አጥማጁ ነው፤ በየሌሊቱ የሆነውን የሚያውቀውም እሱ ነው።

የተራራቁ አጥማጆች መዝገብ ሲደመር ምን ሊገልጥ እንደሚችል ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ ዉድስ ሆል በተባለው ስፍራ፣ ፍራንክ ማዘር የተባለ ተመራማሪ ለዓሣ አጥማጆች ምልክት ማደል ጀመረ። አጥማጁ የያዘውን ዓሣ ምልክት አድርጎበት፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ይለቀዋል። ሌላ አጥማጅ ያንኑ ዓሣ ሲይዝ እሱም በበኩሉ ቀኑንና ቦታውን ያስታውቃል። ቱና የሚባለው ትልቅ ዓሣ ከአሜሪካ ዳርቻ ተነሥቶ፣ የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጦ አውሮፓ ዳርቻ እንደሚደርስ በዚህ መንገድ ተረጋገጠ። ይህ እውነት የተገኘው የአንዱ አጥማጅ ጽሑፍ ከሌላው ጋር በመገናኘቱ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያችን በጽሑፍም ይሠራል ማለት ነው።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች አይጠፉም። አንዳንዶች «መዝገብ ጉራን ያመጣል፤ እኔ ይህን ያህል ያዝሁ እያሉ መፎካከር ይሆናል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ትልቁ ዓሣ ብቻ የሚጻፍ ከሆነ ጉራ ይሆናል። ባዶው መረብም አብሮ ሲጻፍ ግን ጉራ ቦታ አያገኝም። ሌሎች ደግሞ «አጥማጅ የሚያጠምድበትን ቦታ ለሰው አይገልጥም» ይላሉ። ይህም ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን በጫሞ የሚኖር ሰው የጣናን ቦታ ቢያውቅ ሌሊት መጥቶ አይቀማም። መሰወር የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ ቦታውን ሳይጽፉ መተው ይቻላል፤ የተሳሳተ ቦታ መጻፍ ግን አይገባም። ዝምታ ወዳጅን አያታልልም፤ ሐሰት ግን ያታልላል።

«ዛሬ ሰው ሁሉ ስልክ በእጁ ይዞ መዝገብ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉም አሉ። ስልክ መልካም መሣሪያ ነው፤ መዝገቡንም በደቂቃ ውስጥ ሊያደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ በስልክ የሚላከው ፎቶግራፍ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ዓሣ ነው፤ ባዶውን መረብ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። በድምፅ የተነገረውም ከጥቂት ቀን በኋላ ይረሳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ የሚነበበው በሥርዓት የተጻፈው ነው። በወረቀትም ይሁን በስልክ ይጻፍ፤ ዋናው ቁም ነገር ሥርዓቱና ሐቁ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፤ ሌሊቱን በውሃ ላይ ያደረ ሰው ጎሕ ሲቀድ እጁ ዝሏል፤ ዓሣውም ሳይበላሽ ለገበያ መድረስ አለበት። ከአጥማጆቹም መካከል የመማር ዕድል ያላገኙ ብዙዎች ናቸው። እነዚህን ሰዎች «ጻፉ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ መጻፍ ግን ለእነሱ ቀላል አይደለም።

ተማሪዎች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሐይቅ ዳር የምትኖሩ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ተማሪዎች፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ ስጧቸው። «ስንት መረብ ዘረጋችሁ? ስንት ዓሣ ተያዘ? ትልቁ ምን ያህል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰማችሁትን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ጻፉ። ባዶ ከሆነም «ምንም» ብላችሁ ጻፉ። በወሩ መጨረሻ ጽሑፉን ሩቅ ላለው ወዳጃቸው ላኩላቸው፤ መልሱ ሲመጣም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። የተማራችሁት ሰዋስውና የድርሰት ጽሑፍ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል።

በጠቅላላው፣ ሩቅ ያለ ወዳጅ ከእኛ የሚሻው ያማረ ቃል ብቻ ሳይሆን ቀናችን እንዴት እንደ ዋለ የሚገልጽ እውነተኛ ቃል ነው። የዓሣ አጥማጅ ቀን በመረቡ ውስጥ ይታያል። ሲሞላም ሲጎድልም ለወዳጁ የሚያሳውቅ ሰው ወዳጁን አያጣም፤ ሐይቁም ሲደክም ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ የሞላው መረብ ይጻፍ፤ ባዶውም መረብ ይመዝገብ።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ባዶ መረብ መመዝገብ አለበት ያሉት ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያቶችን በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።

2. በምንባቡ ከተጠቀሱት ተቃውሞዎች አንዱን መርጣችሁ በመደገፍ ወይም በመቃወም አንድ አንቀጽ ጻፉ።

3. «ደፈረሰ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ጉራ»፣ «ጎሕ» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ አራት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።

4. በአካባቢያችሁ የሚሠራ አንድ ገበሬ፣ ንብ አርቢ ወይም ዓሣ አጥማጅ ለሩቅ ወዳጁ ሊልክ የሚችለውን የአንድ ቀን መዝገብ ከስድስት በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች አዘጋጁ።