ጥናቱ ሳያልቅ የተጠየቀ ሕዝብ

በኬንያ የባሕር ዳርቻ፣ ላሙ አጠገብ ሊገነባ የነበረው 1,050 ሜጋ ዋት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ መቅረቱ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ልዩ ፍርድ ቤት የፕሮጀክቱን ፈቃድ ሲሰርዝ የመዘነው አንድ ትልቅ ነገር የሕዝብ ተሳትፎን ነው። ስብሰባ አልተጠራም አይባልም፤ ተጠርቷል። ሰዉ ሲሰበሰብ ግን የተፅዕኖ ጥናቱ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ጭሱን ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው፣ አመዱ የት እንደሚከመር፣ ተርባይኑን አቀዝቅዞ የሚመለሰው ሙቅ ውሃ ዓሣውን ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ፣ ኑሮው በጀልባና በመረብ ላይ የቆመ ዓሣ አጥማጅ በምን ላይ አስተያየት ይስጥ? ጥናቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ተመልሶ በቅጡ የጠየቀው አልነበረም። ይህን ማማከር ብሎ መጥራት ሕዝብን መናቅ ነው።

ሥጋቱም ባዶ አልነበረም። የላሙ ጥንታዊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። ዙሪያዋን የከበበው የማንግሮቭ ደን ዓሣ የሚራባበት ነው።

ኬንያ ኃይል ያስፈልጋታል፣ ላሙም ሥራ ያስፈልጋታል የሚሉትን እንረዳለን። ነገር ግን በወቅቱ የመላ ኬንያ ከፍተኛ ፍላጎት 2,000 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም ነበር። በውሉ መሠረት ኃይሉ ተፈለገም አልተፈለገም ለ25 ዓመት ይከፈልበታል፤ ከሰሉም መጀመሪያ ላይ ከባሕር ማዶ በመርከብ ሊመጣ ነበር። ዕዳው ዞሮ ዞሮ መብራት ከፋዩ ላይ ያርፋል። ኋላ ላይ አበዳሪዎቹም ቢሸሹ አያስደንቅም።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው መስመር ኬንያ ከእኛ ኃይል ትገዛለች። የምንሸጠው ኃይል የከሰል ጭስ የለበትም። ሆኖም ግድብም ሆነ የማስተላለፊያ መስመር መሬት ይፈልጋል፤ በዚያ መሬት ላይ ደግሞ ሰው አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ጥናቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ደንግጓል። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ይህን በተግባር እንዲያሳዩን እንጠይቃለን፤ ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት ጥናቱ በአካባቢው ቋንቋ ወረዳው ድረስ ይድረስ፣ ተነሺው ገበሬም አንብቦ ወይም ተነብቦለት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይኑረው።