እንቁላሉስ የት ይረፍ?

አምና ጎልድፊሾቼ እንቁላል ጣሉ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ጠዋት ወንዱ ሴቷን አኳሪየሙ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲያሯሯጣት በስልኬ እየቀረጽኩ ነበር። ከሰዓት ወጥቼ ስመለስ ግን አንድም እንቁላል የለም። ሌባ አልገባም፤ እናትና አባት ራሳቸው ቅርጥፍ አድርገው በልተውታል።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው ያጠናሁት። ዓሣ የገዛሁት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አራብቼ ብሸጥ ከጽሑፍ በማገኛት ሳንቲም ላይ ተጨምሮ ለቤት ኪራይ ይሆነኛል ብዬ ነው። ለአኳሪየሙ ከእህቴ ተበድሬያለሁ። ስሌቴ ውስጥ መስታወቱ፣ ማጣሪያው፣ አየር መስጫው፣ ምግቡ ሁሉም ነበሩ። እንቁላሉ የት ያርፋል የሚለው ግን አልነበረም። ለውበት የገዛኋት ደረቅ የፕላስቲክ ተክል ትበቃለች ብዬ ነበር። አልበቃችም።

መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅኩት እንስሳ ነው። ኒውት ይባላል። ሲያዩት እንሽላሊት ይመስላል፤ ዝምድናው ግን ከእንቁራሪት ጋር ነው። እኛ አገር የለም። አውሮፓ ውስጥ ግን ቤታቸው የሚያራቡት ሰዎች አሉ። የብዙዎቹ ዝርያዎች ሴት እንቁላሏን አንድ በአንድ ትጥልና በኋላ እግሮቿ ቅጠል ይዛ ታጥፍበታለች። በብሪታንያ ካሉት ዝርያዎች ትልቁ በአንድ የመራቢያ ወቅት ከ200 እስከ 300 እንቁላል እንዲህ እየጠቀለለ ይጥላል። ስለዚህ ቅጠሉ የሚታጠፍ መሆን አለበት። ወፍራምና ደረቅ ከሆነ ምንም ቢያምር አይጠቅማትም።

አርቢዎቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ፌስታል በቀጭኑ ይሸነሽኑና ጫፉን አስረው ውሃው ውስጥ ያንጠለጥሉታል። ኒውቷም እንደ ቅጠል ታጥፈዋለች። ኒውቶችም እንደኔ ዓሦች የገዛ እንቁላላቸውን ስለሚበሉ፣ ሰውየው ፌስታሉን ከነእንቁላሉ አንስቶ ወደ ሌላ ዕቃ ያዛውረዋል። በቃ።

ከዚህ በኋላ አቋሜ ይሄ ነው፦ ለማራባት ካሰባችሁ ገንዘባችሁን ዕቃ ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። እንስሳው እንዴት ነው የሚጥለው? የጣለበትን ነገርስ ከነእንቁላሉ ማውጣት ይቻላል? ኤንጅልፊሽ ቀጥ ብሎ የቆመ ልሙጥ ቦታ ላይ ይለጥፋል፤ የሸክላ ወይም የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ይበቃዋል። ጎልድፊሽ ግን የሚያጣብቅ እንቁላሉን በትኖ ነው የሚሄደው፤ የሚፈልገው ጥቅጥቅ ያለ ቀጫጭን ነገር ነው።

የተፈጥሮ ተክል ይሻላል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አልዋሽም፣ ጥሩ ነው፤ ውሃውን ያጸዳል፣ ለዓሣ ጫጩቶችም መደበቂያ ይሆናል። ግን ቀንድ አውጣ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ብርሃን ይፈልጋል፣ ጎልድፊሽ ደግሞ ተክል ይበላል። ለጀማሪ፣ ያውም በኪራይ ክፍል ለሚኖር፣ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ዘንድሮ የሹራብ ክር ገዛሁ፤ ሱፍ ሳይሆን ሰው ሠራሹን። ቀለም እንዳይለቅ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ እንደ ጭራ አስሬ በባዶ ሃይላንድ አንሳፈፍኩት። ዓሦቹ ጥለው ሲጨርሱ ክሩን አንስቼ ከዚያው አኳሪየም በቀዳሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ነጭ የሆኑትን፣ ማለትም የተበላሹትን እንቁላሎች፣ ሻጋታ እንዳያዛምቱ ለቅሜ ጣልኩ። በአምስተኛው ቀን ባልዲው ግድግዳ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች ተለጥፈው አየሁ። ስልኬን ለማውጣት እንኳ ትዝ አላለኝም።

ሁሉም አላደጉም። እስካሁን 31 ቀርተውልኛል። የእህቴን ብድር አይከፍሉም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ግን አምና ዜሮ ነበርኩ፣ መስታወቱም ማጣሪያውም ያው የአምናው ነው።

«ሥራ ፍጠሩ» ሲሉን ሁሌም የሚነሳው ካፒታል ነው። ካፒታል አያስፈልግም አልልም። እኔ ግን ተበድሬ ያመጣሁትን ካፒታል ዓሦቹ ዞር ብለው ለማያዩት ነገር ነው ያዋልኩት። የጎደለኝ አንድ ልቃቂት ክር ነበር፤ 60 ብር።