ስለ እጅ ጥልፍና ጕብ ብሎ ስለሚነሣው ጥልፍ

በሐዋሳ ከተማ የሠርግ ወራት በደረሰ ጊዜ ወደ ልብስ ሰፊዎች ሱቅ ብትገቡ ከሰው ድምፅ ይልቅ የስፌት መኪና ድምፅ ትሰማላችሁ። ሥራው የሚናቅ አይደለም፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፥ ዋጋውም ለብዙ ሰው የሚቻል ነውና። ነገር ግን ሙሽራዪቱን፦ የእናትሽን ቀሚስ ማን ጠለፈው? ብላችሁ ብትጠይቋት የአክስቷን ወይም የጎረቤቷን ስም ትነግራችኋለች፤ የራስሽንስ? ብትሏት የምትነግራችሁ የሱቁን ስም ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ እጅ ጥልፍ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድሞ ስሙን መለየት ይገባል። ብዙ ሰዎች ጥለትንና ጥልፍን አንድ አድርገው ይናገራሉ። ጥለት በሸማኔው እጅ ከድርና ከማግ ጋራ አብሮ የሚወለድ ነው፤ ጥልፍ ግን ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ጌጥ ነው። በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዝየም ያለው የጎንደር ዘመን ታላቅ የሐር መጋረጃ እንኳ፥ ምንም ሥዕሉ ጥልፍ ቢመስል፥ ፈጽሞ የሽመና ሥራ ነው።

እውነተኛውን ጥልፍ ለማየት የሚሻ ሰው በዚያው በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዝየም የተቀመጠውን የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ቀሚስ ይመልከት። የዳግማዊ ቴዎድሮስ ባለቤት የነበሩት እኒህ እቴጌ የለበሱት ቀሚስ ጥጥ ሲሆን፥ ጥልፉ በኅብረ ቀለም ሐር የተሠራ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከአገር ወጣ። እቴጌይቱም በግንቦት ወር ከጦሩ ጋራ በመንገድ ሳሉ ታመው ዐረፉ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞተ። ከ150 ዓመት በላይ አልፎ ሐሩ ዛሬም ይታያል። የጠላፊው ስም ግን ከቀሚሱ ጋራ አልደረሰንም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ የውርስ ዝርዝር መገልበጥ የዘወትር ሥራዬ ነው። ወንድማማች በቤትና በመኪና ሲከራከሩ ይውላሉ፤ የእናታቸው ጥልፍ ቀሚስ ግን ከሰሐንና ከትራስ በታች «አንድ አሮጌ ቀሚስ» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ጊዜ ከወራሾቹ መካከል የመጨረሻዪቱ ልጅ ተነሥታ፦ ከቤቱ ድርሻዬ ይቀነስና ቀሚሱ ለእኔ ይሁን አለች። ወንድሞቿ ሣቁ። ዳኛው ግን ሳይሥቁ ቀሚሱን አስመጥተው በጠረጴዛ ላይ አስዘረጉት፤ ረዥም ጊዜም ተመለከቱት። ከዚያ በኋላ ወንድሞቿን አስማምተው ከድርሻዋ ምንም ሳይጐድል ቀሚሱ እንዲሰጣት አደረጉ።

ያችው ሴት ኋላ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ከእናቷ ጥልፍ አልተማረችም ነበር፤ ጊዜውም አለፈ። ስለዚህ ቀሚሱን ገልብጣ በጀርባው በኩል ታጠናው ጀመር። የጥልፍ ፊት ውበቱን ብቻ ያሳያል፤ ጀርባው ግን መርፌው በየት እንደ ገባ፥ በየት እንደ ወጣ፥ ክሩ አልቆ አዲስ በየት እንደ ተጀመረ ሳይደብቅ ይናገራል። በአንድ ክረምት ሙሉውን የአንገት ሥራ በሌላ ጨርቅ ላይ ገለበጠችው። ዛሬ በሐዋሳ በቤቷ በእሑድ ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆችን ታስተምራለች፤ ከእነርሱም ሁለቱ በፋብሪካ ልብስ የሚሰፉ ነበሩ።

ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ አሳሰበኝ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ስፌት የዕለት እንጀራቸው ሆኗል። የፋብሪካ ደንብ ግን አንዲቱ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ፥ ሌላዪቱ አንገትጌ ብቻ እንድትሰፋ ነው። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥ የሚገባበትን መብት ባቋረጠች ጊዜ ሥራቸውን ያጡት ጥቂቶች አልነበሩም። ሺህ ኪስ የሰፋች ልጅ አንድ ቀሚስ ብቻዋን መጨረስ ካልቻለች ወደ ቤቷ ይዛው የምትገባው ሙያ ምንድር ነው? እንግዲህ የእሑዱ ትምህርት ለእነዚህ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ሆኖም ባለጸጋው ገዢ ካልታገዘ እጅ ጥልፍ አያበላም። አንድ የደረት ሥራ ብዙ ሳምንት ይፈጃል፤ ገዢው መጥቶ በመኪና ከተጠለፈው ዋጋ ጋራ ያስተያየዋል። እናንት የማዕረግ ባለቤቶች ዋጋ በተነጋገራችሁ ጊዜ፦ ስንት ቀን ፈጀ? ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ የቀን ሠራተኛ የምትከፍሉትን አስቡ። ልጃችሁ መርፌ ስትይዝ የሚያፍር አባት ቢኖርም፥ በቀድሞው ዘመን እመቤቶች ሁሉ እንዝርት ያሾሩ እንደ ነበረ፥ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ጥበበኛን መስደብ በዐዋጅ እንደ ከለከሉ ያስታውስ። ወንድ ልጅም ቢሆን አይከልከል፤ የካህናትን ካባና የታቦትን ጃንጥላ የሚያስጌጡ ወንዶች አሉና።

አሁን ወደ ደስታው እንመለስ። ከጥልፍ ሁሉ ዐይንን የሚያስገርመው ከጨርቁ ላይ ጕብ ብሎ የሚነሣው ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የደኅና ቤተ ሰብ ሴቶች ልጆች በዚህ ሣጥንና የመስተዋት ዙሪያ ያለብሱ ነበር። ትምህርታቸውም በተራ ነበር፦ ማርታ ኤድሊን የምትባል ልጅ በ8 ዓመቷ በኅብረ ቀለም ክር የናሙና ጨርቅ፥ በ9 ዓመቷ በነጭ ክር፥ በ11 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ1671 ሙሉ ሣጥን ጠልፋለች፤ ሥራዋም ከላይ በጠቀስነው ሙዝየም አለ። ለእኛም ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የወርቅ ክር በጨርቅ ውስጥ ቢመላለስ ይላጣልና በላዩ ተጋድሞ በቀጭን ክር ይያዛል፤ ጕብ እንዲልም ከሥሩ ወፍራም ክር ወይም ካርቶን ይደረግለታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠንካራ ጨርቅ በክብ እንጨት ላይ እንደ ከበሮ ይወጠርና ሥዕሉ በእርሳስ ይነደፋል። ከፍ እንዲል በተፈለገው ቦታ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ ሦስት ቍራጭ ይዘጋጃል፤ ትንሹ አስቀድሞ፥ መካከለኛው በላዩ፥ ትልቁ በመጨረሻ ይሰፋል። ጀማሪዎች ትልቁን ከታች ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ሥራው ደረጃ ይመስላል እንጂ ኮረብታ አይመስልም። ሱፍ ባይገኝ ጨርቅ በዙሪያው ተሰፍቶ በተተወለት ትንሽ ቀዳዳ ባዘቶ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ላዩ በሐር ክር ይሸፈናል።

ብቻውን የሚቆም የአበባ ቅጠል ለመሥራት ደግሞ ቀጭን ሽቦ በሌላ ጨርቅ ላይ በቅጠሉ መልክ ይታጠፋል፤ እንደ ቁልፍ ቤት ስፌትም ክፍተት ሳይተዉ ዙሪያውን ይይዙታል። ውስጡ በክር ከተሞላ በኋላ ስፌቱን ሳይነኩ በትንሽ መቀስ ይቈረጣል። የሽቦው ሁለት ጫፎች በዋናው ጨርቅ ቀዳዳ ገብተው በጀርባው ይሰፋሉ። መቀሱ ስፌቱን የነካው እንደ ሆነ ግን ቅጠሉ እንደ ገና ይጀመራል፤ መላ የለውም።

ሥዕሉን ከውጭ አገር መጽሐፍ መቅዳት አያስፈልግም። በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል ዓሣ ሲጠብቅ የሚውለው አባ ኮዳ፥ መላጣ ራሱና ከአንገቱ የተንጠለጠለው ከረጢት ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። ከእሑድ ተማሪዎች አንዲቱ ሠርታው አየሁት፤ ከረጢቱን ከልክ በላይ ሞልታው ጨጓራ የወረደበት ሹም መስሏል። ሁላችን ሥቀን ስናበቃ፥ እርስዋ ግን አልፈታውም ብላ እንዲሁ ጨረሰችው።

ጕብ ያለ ጥልፍ መታጠብ አይወድም፤ ስለዚህ በግድግዳ ለሚሰቀል፥ ለሣጥን ክዳንና ለካባ እንጂ ለዘወትር ቀሚስ አይሁን። ለቀሚስ የሚሆነውን ክር ሳትጀምሩ ለብ ባለ ውኃ ነክራችሁ በነጭ ጨርቅ ጨምቁት፤ ነጩ ቀለም ከያዘ ያን ክር ተዉት። ያለቀውን ሥራ አትጠፉት፥ በነጭ ጨርቅ ለብጣችሁ ጠቅልሉት፤ በፕላስቲክም አትዝጉበት፥ እርጥበት ይይዛልና። በሚመጣው ጊዜ ስለ ነጭ በነጭ ጥልፍና ስለ ዳንቴል እንጽፋለን።